ስለ ብዛትና ስለ መጠን ቅጽሎች በእንግሊዝኛ ፈተና

የሰው ልጅ ሁሉ ይቈጥራል፤ ይሰፍራል፤ ይመዝናልም። ዳሩ ግን ልሳናት ሁሉ የተቈጠረውንና የተሰፈረውን ነገር በአንድ ዓይነት ሥርዓት አይናገሩትም። አንዱ ልሳን ሁለቱን በአንድ ቃል ይጠቀልላል፤ ሌላው ለያይቶ ለየራሱ ቃል ይሰጠዋል። የእንግሊዝኛን ሰዋስው የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ በፈተና ላይ ከሚሰናከልባቸው ነገሮች አንዱ ይህ መለያየት ነው። ነገሩ ለብዙ ሰው ጥቃቅን መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሲመረመር ጥቃቅን አይደለም።

ከሪያድ ከተማ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሱወይዲ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ ሰፈር ከኢትዮጵያውያን አባትና እናት ተወልዶ የሚያድግ አንድ ልጅ ይታሰብ። በቤቱ አማርኛ ይሰማል፤ በመንገድና በሱቅ ዐረብኛ ይናገራል፤ በትምህርት ገበታ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። እናቱ «ስንት ዳቦ ገዛህ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ «ስንት ገንዘብ ተረፈህ?» ብላም ትጠይቀዋለች። ባለ ሱቁ ስለ ቍጥርም ስለ ዋጋም ሲጠይቅ «ከም» ይላል። ልጁ በሁለቱም ልሳን አንድ መጠየቂያ ይበቃዋል። ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገር ግን ሁለት በር ያገኛል፤ በአንዱ የሚገባው በቍጥር የሚለይ ነገር ነው፥ እርሱም «ሀው ሜኒ» ይባላል፤ በሁለተኛው የሚገባው በመጠን የሚታወቅ ነገር ነው፥ እርሱም «ሀው ማች» ይባላል። ልጁ የተሳሳተውን በር ሲያንኳኳ መምህሩ ቀይ መስመር ያሰምርበታል እንጂ በሩ ለምን ሁለት እንደ ሆነ የሚነግረው ጥቂት ነው።

ዐረብኛም ቢሆን የራሱ ጭንቅ አለው። ከሦስት እስከ ዐሥር ያለው ቍጥር ስሙን በብዙ ቍጥር ያስከትላል፤ ከዐሥራ አንድ ጀምሮ ግን ስሙ ተመልሶ ነጠላ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት መጻሕፍት ሲል «ኩቱብ» ያለው ሰው ሃያ መጻሕፍት ሲል «ኪታብ» ይላል። ለሁለት ደግሞ ብቻውን የቆመ መልክ አለው። ይህን ሁሉ በሱወይዲ መንገድ ላይ ሳይታወቀው የለመደ ልጅ አእምሮው ደካማ ነው ሊባል አይገባም። ይልቁንም ሦስት የአቈጣጠር ሥርዓት ተሸክሞ ወደ ፈተና የሚገባ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ጥፋቱ ሦስቱን ሥርዓቶች ጐን ለጐን አቁሞ ልዩነታቸውን ያላሳየው ትምህርት ነው።

አማርኛችን በዚህ ነገር እጅግ ለጋስ ነው። «ሁለት ሰው መጣ» ቢባል ትክክል ነው፤ «ሁለት ሰዎች መጡ» ቢባልም ትክክል ነው። «ብዙ» ለሰውም ለውሃም ያገለግላል፤ «ጥቂት» እንዲሁ። «ብዙ ተማሪ»፥ «ብዙ ማር»፥ «ጥቂት ፍየል»፥ «ጥቂት ጨው» ስንል ቅጽሉ አይለወጥም፤ ስሙም የግድ ብዙ ቍጥር መሆን የለበትም። ሆኖም አማርኛ ልዩነቱን ፈጽሞ አያውቅም ማለት ስሕተት ነው። «ስንት ውሃ» ከማለት ይልቅ «ምን ያህል ውሃ» ወይም «ስንት እንስራ ውሃ» ማለት ለጆሮ ይጥማልና። እንስራው ሲገባ ውሃው የሚቈጠር ይሆናል። ይህችን ትንሽ ስሜት መምህሩ ይዞ ቢነሣ የእንግሊዝኛው ሕግ ግማሽ መንገድ ተጉዞ ተማሪውን ያገኘዋል።

የግእዝ ተማሪዎችማ ከዚህ ይልቅ የቀረበ መንገድ አላቸው። በግእዝ «እስፍንቱ» ቍጥርን ይጠይቃል፤ «ሚመጠን» ደግሞ መጠንን። ምንም እንኳ ግእዝ ሁለቱን እንደ እንግሊዝኛ በጥብቅ ሕግ ባያጥራቸው፥ ሁለቱ መጠየቂያዎች በየራሳቸው መቆማቸው ልዩነቱ ለአባቶች የተሰወረ እንዳልነበረ ያሳያል። ደግሞም በግእዝ ቅጽል ስሙን ይከተላል፤ «ብዙኅ ወርቅ» ይባላል፥ «ብዙኃን መምህራን» ይባላል። ወርቅ የሚመዘን ነውና ቅጽሉ ነጠላ ሆኖ ቀረ፤ መምህራን የሚቈጠሩ ናቸውና ቅጽሉ በዛ። በ«ውሑድ» እና በ«ውሑዳን» መካከል ያለውም ልዩነት ይኸው ነው። ይህን በቅኔ ቤት የተማረ ደቀ መዝሙር «ማች» እና «ሜኒ» ሲቀርቡለት እንግዳ ነገር ሊሆኑበት አይገባም ነበር። የሚያሳዝነው ግን የግእዙ ትምህርት በአንድ ቤት፥ የእንግሊዝኛው ትምህርት በሌላ ቤት ሆኖ በመካከላቸው መስኮት አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ጭንቁ እንመለስ። የብዛት ቅጽልን መምረጥ የሚጀምረው ከቅጽሉ ሳይሆን ከስሙ ነው። የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው የሰዋስው ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1924 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሰዋስው ፍልስፍና መጽሐፉ የሚቈጠሩትን ስሞች ከማይቈጠሩት ለይቶ ሲያስረዳ፥ የማይቈጠረው ስም ወሰን ያለው ቅርጽ የሌለውን ነገር እንደሚያመለክት ገልጿል። ውሃ፥ ዱቄት፥ አሸዋ እንደዚህ ናቸው ቢባል ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚነሣው እንግሊዝኛ ከዱቄት ጋራ አንድ አድርጎ በሚቈጥራቸው፥ አማርኛ ግን አንድ ሁለት እያለ በሚቈጥራቸው ነገሮች ላይ ነው።

ዳቦ አንዱ ነው። ኢትዮጵያዊ «ሁለት ዳቦ» ይላል፤ እንግሊዛዊ ግን ዳቦን እንደ ሊጥ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ሁለት ሙልሙል ለማለት ሌላ የመስፈሪያ ቃል ያስገባል። ጠመኔም እንዲሁ ነው፤ በጥቍር ሰሌዳ ፊት የቆመ መምህር «ሁለት ጠመኔ አምጣ» ሲል እንግሊዛዊው «ሁለት ቍራጭ ጠመኔ» ይላል። ከነዚህ የሚከፉት የማይጨበጡት ናቸው። ምክር፥ መረጃ፥ ዕውቀት፥ የቤት ሥራ፥ የቤት ዕቃ፥ የመንገድ ጓዝ፥ ማስረጃ፥ ምርምር፥ እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ የማይቈጠሩ ናቸው። እኛ «ምክሮች»፥ «መረጃዎች»፥ «ምርምሮች» እያልን ሳንቸገር እናበዛቸዋለን። ከዚህ የተነሣ ተማሪው «ኢንፎርሜሽን» በሚለው ቃል ላይ የብዙ ቍጥር ምልክት ይጨምርበታል፤ በፊቱም «ሜኒ» ያስቀድማል፤ ሁለት ስሕተት በአንድ ጊዜ ይሠራል። ዜና ደግሞ በመጨረሻው የብዙ ቍጥር ምልክት የመሰለ ፊደል ይዞ ሳለ ነጠላ ነው፤ ይህ ለማንም የሚያስቅ ነገር ነው፥ ለተፈታኙ ግን አያስቅም።

ገንዘብ ከሁሉ ይልቅ ይደንቃል። በዓለም ላይ ሰው አጥብቆ የሚቈጥረው ነገር ቢኖር ገንዘብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ግን ገንዘብ የማይቈጠር ስም ነው። የሚቈጠረው ብሩ ነው፤ የሚቈጠረው ሪያሉ ነው። በሱወይዲ ሱቅ ውስጥ ያለ ልጅ «ስንት ሪያል» ለማለት «ሀው ሜኒ» ይላል፥ «ስንት ገንዘብ» ለማለት ግን «ሀው ማች» ይላል፤ በእጁ የያዘው ወረቀት ግን ያው አንዱ ወረቀት ነው። እንግዲህ የማይቈጠር ማለት ሰው ሊቈጥረው የማይችለው ማለት አይደለም። ልሳኑ እንደ አንድ ክምር አድርጎ የሚመለከተው ማለት ነው። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በሁሉ ክፍል ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ብትነገር ከመቶ የሚበዛው ግራ መጋባት ይቀር ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ወጥመድ «ሊትል» ነው። አማርኛ «ትንሽ» ሲል ቁመትንም መጠንንም ይናገራል፤ «ትንሽ ልጅ» እና «ትንሽ ውሃ» አንድ ቃል ነው። «ሊትል» የሚለውም የእንግሊዝኛ ቃል እንዲሁ ሁለት ሥራ አለው። ተማሪው ይህን መመሳሰል አይቶ ደስ ይለውና «ትንሽ ተማሪዎች ብቻ አለፉ» ለማለት «ሊትል ስቱደንትስ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዛዊው ግን ቁመታቸው ያጠረ ወይም ዕድሜያቸው ለጋ የሆኑ ተማሪዎች አለፉ ብሎ ይረዳዋል። ሊባል የሚገባው «ፊው» ነበር። ስሕተቱ በሰዋስው ብቻ አልቀረም፤ ስለ ብዛት የተነገረው ወሬ ስለ ቁመት ሆነ።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የከበደው ልዩነት በአንዲት ትንሽ ድምፅ የሚፈጸም ነው። «ፊው» እና «ኤ ፊው»፥ «ሊትል» እና «ኤ ሊትል» በመዝገበ ቃላት ሁለቱም «ጥቂት» ተብለው ይተረጐማሉ፤ ይህም ትርጓሜ ብዙ ተማሪ አጥፍቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያለዚያች ድምፅ ሲነገር ተናጋሪው የሚያየው የጐደለውን ነው፤ ከድምፅዋ ጋራ ሲነገር ያለውን ነው። በማሰሮ ውስጥ ያለው ወተት አንድ ሲኒ ቢሆን አንዱ «ሊትል» ብሎ ያዝናል፥ ሌላው «ኤ ሊትል» ብሎ ይጽናናል፤ ወተቱ ግን አልተለወጠም።

በሰው አገር በሰው ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት ይህን ብታስብ ምንኛ እንደሚጠቅማት ግልጽ ነው። የቤቱ እመቤት በእንግሊዝኛ የምትናገር ብትሆንና ወተት «ኤ ሊትል» አለ ብትላት፥ ለዛሬ ይበቃል ማለትዋ ነው። «ሊትል» ብቻ ብትላት ግን ሄደሽ ግዢ ማለትዋ ሊሆን ይችላል። አንዲቱን ድምፅ ያልሰማች ሠራተኛ ሰነፍ ተብላ ትወቀሳለች፤ ወቀሳውም በሰዋስው ምክንያት እንደ ሆነ ወቃሽዋም ተወቃሽዋም አያውቁም።

ለዚህ መድኃኒቱ አማርኛ ውስጥ ተቀምጧል። አማርኛ የጐደለውን ሲያይ በአሉታ ይናገራልና፤ «ብዙም ወዳጅ የለውም» ይላል። ያለውን ሲያይ በአዎንታ ይናገራል፤ «ጥቂት ወዳጆች አሉት» ይላል። እንግዲህ «ፊው» እና «ሊትል» «ብዙም የለም» ተብለው፥ «ኤ ፊው» እና «ኤ ሊትል» ደግሞ «ጥቂት አለ» ተብለው ቢተረጐሙ ተማሪው ሁለተኛ አይሳሳትም። ልሳናችን የሚያውቀውን ነገር በመጥፎ ትርጓሜ ምክንያት እንደማያውቀው ሆኖ መኖሩ የሚያስቈጭ ነው።

ስለ «ፊወር» እና ስለ «ሌስ» ደግሞ ብዙ መምህራን ከመጠን በላይ ይጨክናሉ። የመጀመሪያው ለሚቈጠር፥ ሁለተኛው ለማይቈጠር ነው የሚለው ሕግ ለፈተና መያዝ ይገባዋል። ነገር ግን ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። እንግሊዞች ከጥንት ጀምሮ «ሌስ» የሚለውን ለሚቈጠረውም ይናገሩት ነበር፤ ሮበርት ቤከር የተባለ ጸሐፊ በ1770 እ.ኤ.አ. ስለ እንግሊዝኛ ልሳን በጻፈው መጽሐፍ «ፊወር» ቢባል ያማረ ይመስለኛል ብሎ አሳቡን ቢሰጥ፥ ከእርሱ በኋላ የተነሡት የሰዋስው ጸሐፍት የአንድን ሰው ምርጫ ወደ ሕግ ለወጡት። ዛሬም ቢሆን ሕጉ ራሱ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ከአምስት መቶ ሪያል ያነሰ ሲባል፥ ከዐሥር ዓመት ያነሰ ሲባል፥ ከሦስት ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲባል «ሌስ» ነው የሚባለው፤ ገንዘቡም ዘመኑም ርቀቱም ቍጥር ቢኖራቸውም እንደ አንድ ድምር ይታያሉና። ዝርዝር በቃሉ የያዘ ተማሪ ሪያል የሚቈጠር ነው ብሎ «ፊወር» ይመርጣል፤ ይወድቅበታልም። የሚያስበው ተማሪ ግን ድምሩን ያያል።

«ነምበር» እና «አማውንት» የሚሉትም ቃላት በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ቍጥር ነው፥ ሁለተኛው መጠን ነው። በ2006 ዓ.ም. በሪያድ በማንፉሓ ሰፈር ከተነሣው ሁከት ወዲህ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 ይበልጡ ነበር። ይህን የሚጽፍ ሰው «አማውንት» የሚለውን ቃል ለሰዎቹ ቢያደርግ፥ ሰዎቹን እንደ እህል ሰፈራቸው ማለት ነው። እያንዳንዳቸው ስም፥ እናትና አገር ያላቸው ነበሩና በቍጥር እንጂ በመጠን አይነገሩም። በዚህ ስፍራ ሰዋስው ከአክብሮት ጋራ ይገናኛል። ከተመላሾቹም መካከል በዐረብ አገር ተወልደው የአገራቸውን ትምህርት ቤት ደጃፍ ገና ያላዩ ልጆች ነበሩ፤ ከላይ የተነገረው የሦስት ልሳን ሸክም ለእነርሱ ምሳሌ አልነበረም።

አሁን ስለ ፈተናው ራሱ ይነገር። በኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ ጕድለት በእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ አይቀርም፥ ወደ ሒሳቡም ወደ ታሪኩም ይገባል። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ሆኑ። የዚህን ሁሉ ውድቀት ምክንያት በብዛት ቅጽሎች ላይ መጫን ከንቱ ይሆናል። ነገር ግን በሒሳብ ጥያቄ ውስጥ «ፊወር» የሚለውን ቃል ያልተረዳ ተማሪ መደመርና መቀነስ ቢያውቅም ምን እንደሚቀንስ አያውቅም።

ብዙ መምህራን ለዚህ መልስ ብለው ዝርዝር ይሰጣሉ፤ በግራ በኩል የሚቈጠሩትን፥ በቀኝ በኩል የማይቈጠሩትን፥ በመካከልም ለሁለቱም የሚሆኑትን «ሰም»፥ «ኤኒ»፥ «ኦል» የመሳሰሉትን ጽፈው በቃል እንዲያዝ ያዝዛሉ። በቃል ማጥናትን የሚንቁ አንዳንድ ሰዎች አሉ፤ ንቀታቸው ትክክል አይደለም። የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙርም ግስ በቃሉ ያወርዳል። ልዩነቱ ወዲህ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱን አውርዶ፥ አገባቡን ሰምቶ፥ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን ቅኔ ይቋጥራል፤ ከመምህሩም ፊት ይነግራል፤ ያልተስማማው ቅጽል በዚያው ይታረምለታል። ማለት ያውቃል እንጂ መምረጥ ብቻ አያውቅም። የእንግሊዝኛው ተማሪ ግን ዝርዝሩን ከያዘ በኋላ ከሀ እስከ መ ከተሰጡት አራት ምርጫዎች አንዱን ያጠቍራል፤ ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ከራሱ አውጥቶ ሳይናገር ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ነገር የጥንቱ ጉባኤ ከአዲሱ ክፍል ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መምህሩ በየማለዳው ሦስት ስሞች ሰጥቶ፥ ለምሳሌ ምክርን፥ ሪያልንና ዳቦን፥ ተማሪዎቹ በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር አግብተው እንዲናገሩ ቢያደርግ፥ ለዚህ ገንዘብም መጽሐፍም አያስፈልገውም።

የፈተና አዘጋጆችም ከወቀሳ አያመልጡም። «የእንግዳው ባለቤት ሻይ ይፈልጉ እንደ ሆነ ሲጠይቅ» የሚል ጥያቄ ላይ «ሰም» ብሎ የመለሰ ተማሪ፥ በጥያቄ ውስጥ «ኤኒ» ነው የሚገባው ተብሎ ሲታረም ይታያል። ነገር ግን እንግዳን ሻይ ጠጣ ብሎ የሚጋብዝ እንግሊዛዊ «ሰም» ነው የሚለው፤ ግብዣ ነውና፥ «አዎን» የሚል መልስ ይጠብቃልና። ይህን የማያውቅ ፈታኝ ትክክለኛውን ተማሪ ይጥላል፤ ዝርዝር ብቻ የያዘውን ያሳልፋል።

ከዚህም የሚብስ አለ። «____ ተማሪዎች ፈተናውን አለፉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብቻውን ተጽፎ በሥሩ «ፊው» እና «ኤ ፊው» ለምርጫ ሲቀርቡ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ፈታኙ የትኛውን በልቡ እንደ ያዘ ተማሪው ሊያውቅ አይችልም። «ስለዚህ መምህሩ አዘነ» የሚል አንድ ሐረግ ቢጨመርበት ግን መልሱ «ፊው» ብቻ ይሆናል፤ «ስለዚህ መምህሩ ተጽናና» ቢባልም «ኤ ፊው» ይሆናል። ለዚህ ሐረግ የሚያስፈልገው ግማሽ መስመር ወረቀት ነው።